ለበግ ጎድን የቱ እንጨት? የአንድ ትራክ ነጂ የጭስ እንጨት ግምገማ

ቴክሳስ ውስጥ ሱፐርማርኬት ስትገቡ ከከሰሉ አጠገብ በከረጢት የታሸገ እንጨት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ሂከሪ፣ ሜስኪት፣ አፕል፣ ቼሪ፣ ፔካን፣ ኦክ። ለማንደጃ አይደለም፤ ስጋ ለማጠን ነው። ብዙዎቹ ከረጢቶች ላይ የቱ እንጨት ለየትኛው ስጋ እንደሚሆን የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። አንብቡትማ። ዞሮ ዞሮ ወሬው ሁሉ አሳማ ነው። አፕል ለአሳማ ጎድን፣ ሂከሪ ለአሳማ ትከሻ፣ ቼሪም ለአሳማ።

እኛ ቤት አሳማ አይገባም። የሚገባው በግ፣ ዶሮና የበሬ ስጋ ነው፤ አልፎ አልፎ ዓሣ። ከዚያ ቅቤና እርጎ አለ። ስጋው ላይ ደግሞ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ። ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰንጠረዥ ስላላገኘሁ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። ቤቴ ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ አጠገብ። ሎድ ይዤ ብዙ ስቴት ስለምዞር እንጨቶቹን በየአገራቸው አይቻቸዋለሁ፤ በየአገራቸው የታጠነውንም ቀምሻለሁ። የማጨስበት ዕቃ ግን ተራ ነው፤ ባለ 22 ኢንች ዌበር፣ ክዳን ያለው ክቡ። ይሄን ቅርጽ ያወጣው ጆርጅ ስቲቨን የሚባል የቺካጎ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952። ብረት ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ምልክት የሚሆነውን ክብ ብረት ለሁለት ከፍሎ እግርና ክዳን አደረገለት። እስካሁን እንደዚያው ይሸጣል። ከሰሉን በአንድ በኩል እሰበስባለሁ፣ ስጋውን በሌላው በኩል አስቀምጣለሁ፣ እንጨቱን ፍሙ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ እከድናለሁ። ሙቀቱን በ225 እና በ275 ፋራናይት መካከል እይዘዋለሁ። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማጨሻ ያላቸው ጓደኞች አሉኝ። ስጋቸው ከኔ የሚበልጠው አንዳንዴ ነው።

ስለ ዛፉ ዓይነት ከማውራቴ በፊት ስለ ድርቀቱ ልናገር፤ ከዓይነቱ የሚበልጠው እሱ ነውና። «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይላሉ። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ እርጥቡ ነው ሁሉን የሚያበላሸው። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ውኃውን ነው የሚያተነው። እስኪደርቅ ድረስ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል። ያ ጭስ ስጋው ላይ ተለጥፎ ምላስ የሚይዝ ምሬት ይሆናል። የምትፈልጉት ቀጭን፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው፣ ሊታይ ሊታይ የማይፈልግ ጭስ ነው። ለዚህ ደግሞ የእንጨቱ እርጥበት 20 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ዩቲዩብ ላይ «እንጨቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። ውኃው ከላይኛው ገጽ አይዘልቅም፤ ትርፉ የጭሱን መነሻ ማዘግየት ነው።

ቅርጹም ለዋጋው ወሳኝ ነው። ስንጥሩ ርካሽ ነው፤ ፍም ላይ ሲያርፍ ግን ቶሎ ነድዶ ያልቃል። ለዓሣና ለዶሮ ክንፍ ይበቃል። ቡጢ የሚያክለው ጉማጅ ቀስ ብሎ ይጤሳል። ለክቡ ዌበር ልኩ እሱ ነው፤ ለአንድ በግ ጎድን ሁለት ወይም ሦስት ጉማጅ ይበቃል። ፍልጥ የሚያስፈልገው እንጨቱን ራሱን ማገዶ አድርጎ ለሚያነድ ትልቅ ማጨሻ ነው። ከረጢት ስትገዙ ደግሞ ልብ በሉ፤ አብዛኛው ላይ የተጻፈው ክብደት ሳይሆን ኪዩቢክ ኢንች ነው። ከፍ አድርጋችሁ መዝኑት። ቀለል ያለው የደረቀው ነው። ከታች በኩል አቧራና ፍርፋሪ የበዛበትን መልሱት። «የተደባለቀ ጠንካራ እንጨት» ብቻ ብሎ ዛፉን የማይናገር ከረጢትም አለ። አንድ ቀን ከፍቼ ግማሹን ሻጋታ ወርሶት አገኘሁት። የመደብሩን ስም አላነሳም፤ ገንዘቤን ያለ ጥያቄ መልሰዋል። የዛፉን ስም የማይነግራችሁን እንጨት ግን ለምን ትገዛላችሁ?

እሺ፣ ወደ ዛፎቹ።

አሜሪካ ውስጥ ጭስ ሲባል ሂከሪ ነው። ከአርካንሶ አልፋችሁ ሜምፊስ ስትገቡ አየሩ ራሱ ሂከሪ ሂከሪ ይላል። ኃይለኛ ነው፤ ጣዕሙ ለሰዓታት ከአፍ አይወጣም። ችግሩ ሌላ ነው። ቤከን የሚባለው የአሳማ ስጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠነው በሂከሪ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የኖረ አፍንጫ ሂከሪ ሲሸተው ቤከን ይታወሰዋል። አንድ ጊዜ ለክርስትና ድግስ ዶሮ በሂከሪ አጥኜ አቀረብኩ። አንዲት እናት ሳህኑን ጠጋ አድርገው አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ ነገር የማይበላው አይደለም አይደል?» አሉኝ። ምዬ ተገዝቼ ነው የቀመሱት። ጣዕሙን አልጠሉትም፤ ሁለተኛ ግን አላነሱም። ሂከሪ መጥፎ እንጨት አይደለም። ለበሬ ጎድን አንድ ጉማጅ ብቻ ከኦክ ጋር ቀላቅሉት፣ ያምራል። ብቻውን ለዶሮ ግን አይመከርም። በርበሬውን ይውጠዋል።

ሜስኪት ከዚህም የባሰ ነው። የምዕራብ ቴክሳስ እንጨት ነው፤ ከአቢሊን ወደ ኤል ፓሶ ስትነዱ ግራና ቀኙ እሱ ነው። እሾሃም፣ አጭር፣ ግትር ዛፍ። መጀመሪያ ሳየው የት ነው የማውቀው አልኩ። አገር ቤት እያለሁ የጅቡቲን መስመር ሠርቻለሁ፤ አሚባራና ገዋኔ ላይ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ፤ በዚያ ዘመን ስለመጣ። ግጦሹን በልቶ ጨርሶባቸዋል። የቴክሳስ ከብት አርቢም ሜስኪትን እንደዚያው ይረግመዋል፤ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ከትተው ለኛ ይሸጡልናል። ለማንኛውም፣ ሜስኪት በጣም ይግላል፣ ጭሱም ስለታም ነው። ለሰዓታት በሚቆይ ስጋ ላይ ይመራል። ለጥብስ ግን ወደር የለውም። ፍም እስኪሆን አንድዱት፣ ቀጠን ያለ የበሬ ስጋ በቀጥታ ፍሙ ላይ አገላብጣችሁ አውጡት። ሚጥሚጣውን ከወረደ በኋላ። አልቋል።

የኔ ምርጫ ለዶሮ ፔካን ነው። ፔካን የሂከሪ የሥጋ ዘመድ ነው፤ አንድ ወገን ናቸው። ጠባዩ ግን የለሰለሰ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። ቴክሳስ ከ1919 ጀምሮ የስቴቱ ዛፍ ብላ የያዘችው እሱን ነው። ከረጢቱን ባትገዙም ታገኙታላችሁ፤ ዳላስ አካባቢ በየግቢው አለ። ዛፍ የሚከረክም ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት። ቆርጣችሁና ፈልጣችሁ ዝናብ የማያገኘው፣ ነፋስ የሚገባው ቦታ ላይ ከስድስት ወር እስከ ዓመት አቆዩት። ከዚያ በፊት አትንኩት። ዶሮውን በጨው፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽታችሁ አሳድሩ፤ በ275 አጥኑት፤ ውስጡ 165 ፋራናይት ሲደርስ አውጡ። ቆዳው በርበሬውንም ጭሱንም ይይዛል፣ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ባለቤቴ ጭስ የነካው ነገር ብዙም አትወድም፤ ይሄን ግን ራሷ «መቼ ነው ደግሞ?» ብላ የምትጠይቀው ነው።

ለበሬ ስጋ ክርክር የለኝም፤ ፖስት ኦክ የሚባለው የኦክ ዓይነት ነው። ያላመናችሁ እንደሆነ ሎክሃርት ሂዱ፣ ከኦስቲን በስተደቡብ ብዙም አትርቅም። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች የቴክሳስ የባርቤኪው ዋና ከተማ ብለው የሰየሟት ከተማ ናት። ክሮይትስ ማርኬት የሚባለው ስጋ ቤት እዚያ ከ1900 ጀምሮ አለ። ሶስ አይሰጡም ነበር፣ ሹካም አይሰጡም ነበር፤ ስጋው በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፣ በእጃችሁ ትበላላችሁ። ለኛ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ግቢ ውስጥ የፖስት ኦክ ፍልጥ እንደ አጥር ተከምሮ ታያላችሁ። ፍርምባውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ይቀቡታል። ኦክ ራሱን አያጎላም። ከስጋው ኋላ ቆሞ ይሠራል፤ ለረጅም ሰዓትም እኩል ይነዳል። ፍርምባ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ። በእንጨት ጭስ ቀስ ብሎ የበሰለ ስጋ ከጠርዙ ገባ ብሎ ሮዝ ቀለበት ይኖረዋል። ከሚቃጠለው እንጨት የሚወጡ ጋዞች ከስጋው ቀለም ጋር ተያይዘው ነው። ጥሬነት አይደለም። ሆኖም ሐበሻ ጋብዛችሁ ስትቆርጡ «አልበሰለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያው ሰው በማግስቱ ቁርጥ በአዋዜ ይበላል።

በግ ላይ ነው ብዙ የደከምኩት፤ ብዙም የምመሰክረው እዚህ ላይ ነው። በግ የራሱ ሽታ አለው፣ ስቡም ጭስ ይወዳል፣ ይይዛል። ሂከሪ ከሆነ ሁለት ጉልበተኞች አንድ ድስት ውስጥ ገቡ ማለት ነው። አፕል ደግሞ በተቃራኒው ለበግ አነሰኝ። ብዙውን የአሜሪካ ፖም የምታመርተው ዋሽንግተን ስቴት ናት። ያኪማ ላይ ሎድ ስጠብቅ በአፕል የታጠነ ዶሮ በልቻለሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነው። በርበሬ ባለበት ግን የጭሱ ወሬ እንኳ አይሰማም። መሀሉን የያዘው ቼሪ ነው። ከአፕል ትንሽ ጠንከር ይላል፣ የፍሬ ጠረን አለው፣ ከሁሉ በላይ ቀለሙ ነው፤ ጎድኑን ጥቁር ቀይ ያደርገዋል። በርበሬ ሲጨመርበት ዓይን አይነሳም። ኮረሪማ ጨምሩ፤ ኮረሪማና ቼሪ የተዋደዱ ናቸው። ጎድኑን በ250 ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ስቡ እስኪቀልጥና ስጋው ከአጥንቱ ጫፍ እስኪሸሽ። ለፋሲካ በግ ለምትገዙ፣ አንድ ከረጢት ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ቼሪ ግዙ። ለዶሮም ይሆናል፣ ለበሬም አያሳፍርም።

ዓሣ ለሚወዱ አልደር አለ። ሲያትል በኩል ሳልሞን የሚያጥኑበት ቀለል ያለ እንጨት ነው። ዳላስ ውስጥ ጉማጁ በቀላሉ አይገኝም፣ ስንጥሩ ይገኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ሰው ትቻለሁ።

የማይሆነውን ደግሞ ስሙኝ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ስፕሩስ፣ ማናቸውም ሙጫ ያለው እንጨት አይሆንም። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባለው ነገር ሲቃጠል የጭስን ጣዕምና ሽታ የሚሰጡ ውህዶች ይወጡታል፤ ጓያኮል ለጣዕሙ፣ ሲሪንጎል ለሽታው። ከጥድ ሁለተኛው እምብዛም አይወጣም፤ በምትኩ ከሙጫው ጥቀርሻ ትጠግባላችሁ። ባሕር ዛፍም ዘይቱ ስለሚሸት ለስጋ አይሆንም። ቀለም የተቀባ፣ መድኃኒት የተነከረ፣ ኮምፔንሳቶ፣ የአሮጌ ዴክ (የግቢ በረንዳ ወለል) እንጨት ፈጽሞ እሳት ውስጥ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2003 ድረስ ለቤት የሚሸጠው የግቢ እንጨት አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ይነከር ነበር።

ፓሌት፣ ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ደግሞ የኛ የትራክ ሰዎች ፈተና ነው። በየመጋዘኑ ደጃፍ በነጻ ተጥሎ ይገኛል። ጎኑ ላይ ማኅተም አለ። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛም ጋዝ የታጠነ ነው። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙው ጥድ ነው፣ ምን እንደፈሰሰበትም አታውቁም። ስንት ኬሚካል ፓሌት ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ለልጆቻችሁ በዚያ አታብስሉ።

ሌላው፣ ያልታከመ ማገዶ ከስቴት ወደ ስቴት ይዞ መሄድ ብዙ ቦታ ክልክል ነው። ቅርፊቱ ውስጥ የሚሄድ ነቀዝ ነው ምክንያቱ፤ ኤመራልድ አሽ ቦረር የምትባል አረንጓዴ ጥንዚዛ አሽ የሚባለውን የአሜሪካ ዛፍ በሚሊዮን የጨረሰችው በማገዶም ጭምር እየተጓዘች ነው። ስለዚህ ያኪማ የሚያምር የአፕል ፍልጥ ባይም አልጭንም። በምድጃ ደርቆ የታሸገውን ከረጢት እገዛለሁ።

አሁን ወይራ። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት።

አገር ቤት እንጨት መርጦ ማጠን አዲስ ነገር አይደለም። የጠላ ጋን በግራዋ ይታጠብና በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ክትክታ የሚመርጡም አሉ። የወተት ዕቃም ይታጠናል፤ ጭሱ ወተቱን መዓዛ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። የቦረና ሴቶች የትኛው እንጨት ለየትኛው የወተት ዕቃ እንደሚሆን ለይተው ያውቃሉ። ይሄ ከረጢት ጀርባ ላይ ካለው ሰንጠረዥ የሚያንስ እውቀት አይደለም። የተጻፈ ባይሆንም።

አሜሪካ ውስጥ ከካሊፎርኒያ የሚመጣ የወይራ ጉማጅ ኦንላይን ይሸጣል። ፍሬው የሚበላው ወይራ ነው። የኛ የዱሩ ወይራ የዚያው ዝርያ ወገን ነው፤ ቅጠሉ ይለያል፣ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ እንጨቱ ግን ሲጤስ ወንድማማቾች መሆናቸው ያስታውቃል። የኛው ጠንከር ይላል፤ ይሄኛው ትንሽ ለዘብ ያለ ነው። ለስጋ ሞከርኩት፣ ለበግ ከቼሪ አይተናነስም። ግን ውድ ስለሆነ ስጋ ላይ ማዋሉ ማባከን ነው። ቦታው ቅቤና እርጎ ነው።

ለእርጎ እንዲህ ነው። የሸክላ ማሰሮ ወይም ቅል ያዙ፣ በደንብ ታጥቦ የደረቀ። ሁለት ፍም ላይ የወይራ ስንጥር ጣል አድርጉ፤ ነበልባል ካነሳ እፍ ብላችሁ አጥፉት፣ መጤስ ብቻ ነው ያለበት። ዕቃውን ገልብጣችሁ ጭሱ ላይ ድፉት። ውስጡ ጠይም ሲል አንሱ፣ ጥቀርሻውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወተቱን ጨምሩ፣ ክደኑና አሳድሩ። የብርጭቆ ዕቃ አይሆንም፤ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል። አፓርታማ ለምትኖሩ ደግሞ በረንዳ ላይም ቢሆን የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስቡ፣ ጎረቤት አስቡ።

ቅቤው ክረምት ይጠይቃል። ዳላስ ጥር ላይ ሲበርድ ዌበሩ ውስጥ ሁለት ፍም ብቻ አደርጋለሁ፣ ላዩ አንድ የወይራ ጉማጅ። በሌላው ጥግ በረዶ የሞላ ትሪ፣ በትሪው ላይ ለጋ ቅቤ በሳህን። ክዳኑ ይዘጋል፣ ላይኛው ቀዳዳ ሙሉ ይከፈታል። ቅቤው መቅለጥ የለበትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ያኔ ጭሱ ይሰክናል። በማግስቱ እንደ ወትሮው በኮሰረት፣ በአብሽና በኮረሪማ ይነጠራል። ሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ በቂ ነው። ሲነጠር ጭሱ ትንሽ ይቀንሳል፣ አይጠፋም።

የወይራው ዋጋ ከሂከሪና ከሜስኪት ይወደዳል፣ ማድረሻውም ይጨመርበታል። ግን አንድ ከረጢት ለማጠኛ ብቻ ከተጠቀማችሁ ዓመት ይሄዳል። ስታዝዙ ስንጥሩን ሳይሆን ጉማጁን እዘዙ። ስንጥር ሲያስፈልግ በቢላ መፈንቀል ይቻላል፣ ስንጥርን ግን መልሶ ጉማጅ ማድረግ አይቻልም።